ከረጅም ሕመም በኋላ ወደ ሥራ ለመመለስ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሠራተኛ

ሦስት አራት ወር ታሞ የተኛ ሰው፣ ሐኪሙ «ሥራ መጀመር ይችላሉ» ባለው ማግስት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ይገኛል። ደመወዙ ከተቆረጠ ሰንብቷል፤ ቦታውን ሌላ ሰው እንዳይዝበት ይሰጋል፤ ቤት መዋሉም አንገሽግሾታል። ስጋቱ እውነት ነው። ግን ያለ ዝግጅት የገባ ሠራተኛ አንድም ወረቀቱ ጎድሎ ከአስተዳደር ጋር ይጨቃጨቃል፣ አንድም ሰውነቱ አልችል ብሎ በሁለተኛው ሳምንት መልሶ ይተኛል። ሁለተኛው መተኛት ከመጀመሪያው የሚከፋው የቀረው የሕመም ፈቃድ ጥቂት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዝግጅቱ ከመግቢያው ቀን ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይጀመር።

መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠሩ

የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሕመሙ ከሥራ የመጣ ካልሆነ፣ ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ቢወሰድ ድምሩ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራ ሲመለስ ቆጠራው እንደ አዲስ የሚጀምር ይመስለዋል። በምሳሌ እንየው። ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ጥቅምት 1 ታመመ። የጥቅምትን 9,000፣ የኅዳርንና የታኅሣሥን 4,500 እያለ ወሰደ፤ ጥር ላይ ምንም አላገኘም። የካቲት 1 ሥራ ገባ። ሰኔ ላይ ቢያገረሽበት እስከ መስከረም 30 ድረስ የቀረው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ ናቸው። እርስዎም የራስዎን እንዲህ በወረቀት ላይ አስቀምጠው ይቁጠሩት። ስንት ቀን በእጅዎ እንዳለ ካላወቁ በምን ፍጥነት መመለስ እንዳለብዎ መወሰን አይችሉም።

ጉዳቱ ሥራ ላይ የደረሰ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ከረጢት ሲያወርድ ወገቡን የተጎዳ ሠራተኛ ፋይሉ ላይ «ታሞ» ተብሎ ብቻ ከተመዘገበ በየወሩ ገንዘብ እያጣ ነው። ከመመለስዎ በፊት ፋይሉ እንዴት እንደተመዘገበ ጠይቀው ያስተካክሉ፤ ከተመለሱ በኋላ ምስክሩም ይበተናል፣ ጉዳዩም ይረሳል።

የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ስለሚተዳደር ቀኑም ክፍያውም ይለያል። የኅብረት ስምምነት ያለበት ድርጅት ውስጥ የሚሠሩም ስምምነቱን ያንብቡ፤ ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል።

የሐኪሙ ወረቀት

«ድኗል፣ መሥራት ይችላል» የሚል ባለ አንድ መስመር ወረቀት ይዘው ከሆስፒታል አይውጡ። «ቀላል ሥራ ይሰጠው» የሚለውም ብዙ አይጠቅምም፤ ለመጋዘን ኃላፊው ቀላል የሆነው ለእርስዎ ወገብ ቀላል ላይሆን ይችላል። ወረቀቱ ቁጥር ይኑረው፦ «ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ እንዳያነሳ»፣ «በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይቆም»፣ «ለሁለት ወር የሌሊት ፈረቃ እንዳይገባ»። ሐኪሙ ይህን የሚጽፈው ሥራዎን ሲያውቅ ነው። «ኦፕሬተር ነኝ» ቢሉት ምንም አይገባውም። የሲሚንቶ ከረጢቱ 50 ኪሎ መሆኑን፣ ስፌት ክፍል ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ፣ ስንት ደረጃ እንደሚወጡ፣ መኪና የሚነዱ ከሆነም ያንን ይንገሩት። የሚያስተኛ መድኃኒት የሚወስድ ሾፌር ይህን ሳይናገር ቢወጣ አደጋው የእሱ ብቻ አይደለም።

የበሽታው ስም እንዳይጻፍ ሐኪሙን መጠየቅ ይችላሉ። አሠሪው በዋናነት የሚፈልገው ከመቼ እስከ መቼ እንደታመሙ፣ ከመቼ ጀምሮ መሥራት እንደሚችሉ፣ ምን ማድረግ እንደማይችሉና የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ነው።

ከመስኮቱ ሳይርቁ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። ማህተሙና የሐኪሙ ፊርማ አለ? ወሩ በቃል ተጽፏል? ወረቀት ላይ «5/3» ብቻ ከሰፈረ አስተዳደሩ ኅዳር 5 ብሎ ያነበዋል፤ ሐኪሙ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 5ን ማለቱ ሊሆን ይችላል። በመካከሉ አራት ወር ያህል ልዩነት አለ። ሦስተኛው የተዘለለ ቀን ነው። የመጀመሪያው ወረቀት እስከ 15 ቀን ብሎ፣ ሁለተኛው ከ18 ከጀመረ፣ 16 እና 17 ያለ ፈቃድ የቀሩባቸው ቀናት መስለው ይታያሉ። አዋጁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ ለአምስት ቀናት ያለ በቂ ምክንያት የቀረን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት ስለሚፈቅድ ክፍተቱ ትንሽ ነው ተብሎ አይተው። ድል ጮራም ሆነ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ታክመው ከሆነ የካርድ ቁጥርዎን ይዘው ተመልሰው ያስሞሉት። የግል ክሊኒክ ወረቀት ክሊኒኩ የመንግሥት ዕውቅና እስካለው ድረስ በሕጉ ዘንድ ተቀባይነት አለው። ቢሆንም የመሥሪያ ቤትዎ ደንብ ሌላ ነገር ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። ሦስት ኮፒ ያስነሱ፤ ዋናውን ለማንም አይስጡ፣ አሳይተው ኮፒውን ያስገቡ።

ከአለቃ ጋር የሚደረገው ስምምነት

ከመግቢያው ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብለው በአካል ይሂዱ። ጠዋት ይሻላል፤ አለቃም ሳይሰለች፣ ሙቀቱም ሳይበረታ። አብሮዎት የሚገባ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ ካለ ጥሩ ነው። መነጋገር ያለብዎ አራት ነገር ነው፦ ስንት ሰዓት፣ ምን ዓይነት ሥራ፣ በስንት ክፍያ፣ እስከ መቼ። ክፍያውን ሰው አፍሮ ይዘለዋል። በግማሽ ቀን መመለስ በአዋጁ በዝርዝር የተደነገገ መብት ሳይሆን ከአሠሪው ጋር የሚስማሙበት ጉዳይ ስለሆነ፣ አራት ሰዓት ሠርተው የስንት ሰዓት እንደሚከፈልዎ ካልተጻፈ የወሩ መጨረሻ ላይ ክርክር ይነሳል። የቃል ስምምነት ደግሞ አለቃው እስኪቀየር ድረስ ነው።

ማመልከቻው አጭር ይሁን። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ ከሕመም ፈቃድ ወደ ሥራ መመለሴን ስለማሳወቅ
ከጥቅምት 1 እስከ ጥር 30 ቀን በሕመም ፈቃድ ላይ ቆይቼ፣ በሐኪም ማስረጃ መሠረት ከየካቲት 1 ቀን ጀምሮ ሥራ እጀምራለሁ። በማስረጃው ላይ እንደተገለጸው ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ ማንሳት አልችልም። በቃል በተነጋገርነው መሠረት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት እንድሠራ፣ ክፍያዬም … እንዲሆን፣ አፈጻጸሙም የካቲት 15 ቀን በጋራ እንዲታይ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ 1 ገጽ።»

በሁለት ኮፒ መዝገብ ቤት ይግባ። የእርስዎ ኮፒ ላይ «ደርሷል» ተብሎ ቀንና ቁጥር ይጻፍበት፤ ያለዚያ ደብዳቤው እንዳልገባ ይቁጠሩት።

የሚሰጥዎን ወረቀት ሁሉ ሳያነቡ አይፈርሙ። በተለይ አዲስ የሥራ ውል ተዘጋጅቶ ከጠበቀዎ ይጠንቀቁ። ቀድሞ የነበረው ውል በሕመም ፈቃድ ምክንያት አይቋረጥም። ሠራተኛ ለዚያው አሠሪ በዚያው ሥራ ላይ ተመልሶ ቢቀጠር እንኳ እንደገና የሙከራ ጊዜ እንደማይኖረው አዋጁ ይደነግጋል። «ለአሠራር እንዲመች መልቀቂያ አስገባና እንደ አዲስ እንቅጠርህ» የሚል ሐሳብ በቅን ልብ ቢቀርብም አይቀበሉት። የአገልግሎት ዘመንዎን፣ የዓመት ፈቃድዎንና የሥራ ስንብት ክፍያዎን አብረው ያጣሉ።

ሰውነትን ማለማመድ

እዚህ ላይ ድሬዳዋ ከሌላው ከተማ ትለያለች። ሙቀትን የለመደ ሰውነት ቶሎ ያልባል፣ ላቡም ጨው የማያባክን ይሆናል፣ ልቡም አይጨናነቅም። ይህ ልምድ ግን ከሙቀት ርቆ በተቀመጡበት ጊዜ ይጠፋል። መጥፋት የሚጀምረው በሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ከአንድ ወር በኋላ አብዛኛው የለም። በሕመሙ ጊዜ ንፋስ ይሻለኛል ብሎ ሐረር ወይም ዓለማያ ዘመድ ቤት የከረመ የድሬ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን የኖረበት ሙቀት እንደ እንግዳ ይይዘዋል። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ ልዩነቱን ሰውነት ይቆጥረዋል።

መልሶ ለመልመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። በሙቀት ውስጥ ለሚሠራና በሙሉ ጤንነት ከእረፍት ለሚመለስ ሠራተኛ የተለመደው ምክር በመጀመሪያው ቀን የሥራውን 50 በመቶ፣ በሁለተኛው 60፣ በሦስተኛው 80፣ በአራተኛው 100 ማድረግ ነው። ከሕመም የሚመለስ ሰው ቀኑን በሳምንት ተክቶ ቢያስበው ይሻላል፦ በመጀመሪያው ሳምንት 4 ሰዓት፣ በሁለተኛው 5፣ በሦስተኛው 6፣ ከዚያ 8። ሥራው የሚጀመረው ሰኞ ሳይሆን ረቡዕ ወይም ሐሙስ ቢሆን የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ሆኖ ያልቃል። ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ታግዛለች። የሥራው ሰዓት ደግሞ ጠዋት ይሁን፤ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ደጅ መሥራት ለመጨረሻው ሳምንት ይቆይ። መመለሻዎ ግንቦትና ሰኔ ላይ ከወደቀ ደረጃውን አንድ ሳምንት ያራዝሙት።

ቤት ሆነው የሚጀምሩት ልምምድ ቀላል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለ10 ደቂቃ ሜዳ ላይ ይሂዱ። እየተራመዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ነው፤ ቃል በቃል ከተቆራረጠብዎ ፍጥነቱን ይቀንሱ። በየሁለት ሦስት ቀኑ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፣ 30 ደቂቃ እስኪደርስ። ከዚራ የሚኖር ሰው ጥላ ያለው ሜዳ መንገድ ስላለው ታድሏል። ጁገል ውስጥ የሚኖር ግን ዳገቱና ድንጋዩ ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ ቁልቁል ሄዶ ሽቅብ መመለሱን ሳያሰላ እንዳይወጣ፤ ከግንቡ ውጭ ያለው ሜዳ መንገድ ይሻለዋል። መለኪያው የዚያ ቀን ስሜት ሳይሆን የማግስቱ ነው። ዛሬ ደህና ሆነው ነገ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ካቃተዎ የትናንቱ በዝቷል፤ አንድ ደረጃ ወርደው ሦስት ቀን ይቆዩበት። ጥሩ በተሰማቸው ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ጨርሰው ቀጣዮቹን ሦስት ቀናት የሚተኙ ሰዎች ማገገማቸውን ራሳቸው ያዘገዩታል።

በሙቀት የሚሠራ ሰው በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ገደማ ውኃ ይጠጣ፤ በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አያልፍ። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ይህን ቁጥር አይከተል፤ ልኩን ከሐኪሙ ይውሰድ። የደም ግፊት መድኃኒቱ ሽንት የሚያበዛ ከሆነ ደግሞ በድሬ ሙቀት ብድግ ሲሉ ዓይን ማጨለም ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከሆነብዎ ግፊትዎን ተለክተው ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቺኩንጉንያ የያዘው ሰው ለብቻው ሊታይ ይገባል። በ2011 ክረምት ድሬዳዋን በወረርሽኝ መልክ ያጠቃው ይህ በትንኝ የሚተላለፍ በሽታ፣ ትኩሳቱ በሳምንት ቢለቅም የመገጣጠሚያ ሕመሙ በብዙ ሰው ላይ ለወራት ይቆያል። እንዲህ ያለው ሕመም ጠዋት ጠዋት ይብሳል፤ ጣት አይጨበጥም፣ ቁጢጥ ማለት አይቻልም። ለዚህ ሰው ጠዋት ገብቶ እኩለ ቀን የመውጣት መርሐ ግብር አይመቸውም፤ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ መግባትና መቀስ፣ መፍቻ ወይም ብዕር የማያስጨብጥ ሥራ ማስቀደም ይሻለዋል።

መድኃኒት ይዞ ሥራ መዋል

ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ትልቁ ችግራቸው ሙቀቱ ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ብዙውን ጊዜ ለ28 ቀን ይቆያል፤ ያውም ከ30 ዲግሪ በታች ከዋለ። ባጃጅ ውስጥ ወይም መስኮት ዳር ከዋለ ኃይሉ ይደክማል፤ ስኳር ያለ ምክንያት ከፍ ሲል ሰው ምግቡን ይጠረጥራል እንጂ ብልቃጡን አይጠረጥርም። መሥሪያ ቤት ፍሪጅ ከሌለ ያልተቀባ የሸክላ ማሰሮ ይበቃል። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ላስቲክ ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ከተው ማሰሮው ውስጥ ያስቀምጡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ፣ የማሰሮውን ውጭ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በውኃ ያርሱ፣ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ላይ ያኑሩት። የድሬ አየር ደረቅ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይተናል፣ ሲተንም ማሰሮውን ያቀዘቅዛል። የበረዶ ሳጥን ውስጥ ግን አይክተቱት፤ የቀዘቀዘ ኢንሱሊን በረዶ ከሠራ ይጣላል።

የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የተለመደው ርዝመት 6 ወር ስለሆነ ብዙ ሰው ሥራ የሚመለሰው መድኃኒቱን ሳይጨርስ ነው። ይህ ችግር የለውም። መድኃኒት ያልተላመደ ነቀርሳ ሕክምናው በትክክል ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ የማስተላለፍ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል፤ መቼ ሥራ መግባት እንደሚችሉ ግን ሐኪሙ ይወስን። ሽንት ወደ ቀይ ብርቱካናማ መለወጡ ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት ጠባይ ነው፣ ደም አይደለም። መድኃኒቱን በየቀኑ የሚወስዱበት ጤና ጣቢያ ከሥራ ቦታዎ ከራቀ ወደ ቅርቡ እንዲዛወርልዎ ይጠይቁ፤ «ተሽሎኛል፣ ሥራም በዝቷል» ብለው ያቋረጡት መድኃኒት በኋላ ለማዳን የሚከብድ ነቀርሳ ሆኖ ይመለሳል። በኩባያና በሳህን እንደማይተላለፍ፣ መስኮት መክፈት ግን እንደሚጠቅም ለሥራ ባልደረቦች የሚነግር ሰው ቢገኝ መልካም ነው።

ስለ ጫትም በግልጽ እንነጋገር። ከሰዓት በኋላ «እንኳን ለዚህ አበቃህ፣ ና በርጫ» የሚል ወዳጅ አይጠፋም፣ ፍቅርም ነው። ነገር ግን ምርቃናው ድካምን ይሸፍናል፤ ሰውነት «በቃኝ» የሚለውን አይሰሙትም። ምግብ ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና ግፊት ከፍ ያደርጋል። አምፒሲሊንን የመሰለ አንቲባዮቲክ ከጫት ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ቢያንስ ሙሉ ሰዓት መሥራት እስኪችሉ ድረስ ይቅርብዎ። ወዳጅን ላለማስከፋት ሻዩን ጠጥተው ወጉን ተካፍለው መነሳት ይቻላል።

በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የሚመለስ ሰው የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ያስተካክል። የሃይማኖት አባቱን ወይም ሼኹን ማማከሩም ይረዳል፤ ለታመመ ሰው የተፈቀደውን እነሱ ያውቁታል።

ገንዘቡና ሰዉ

ያለ ደመወዝ በከረሙባቸው ወራት የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ተቀናሽ ሳይከፈል ተጠራቅሟል። የመጀመሪያው ደመወዝ ሲወጣ በአንድ ጊዜ ተቆርጦ እጅዎ ላይ ጥቂት ብር እንዳይቀር፣ ውዝፉ በስንት ወር እንደሚከፋፈል ከሒሳብ ክፍል ጋር ቀድመው ይስማሙ። ስምዎ ደመወዝ ዝርዝሩ ላይ መመለሱንም ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት ያረጋግጡ።

የሥራ ባልደረቦች መጀመሪያ ቀን ከበው ይጠይቃሉ። «አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሎኛል፤ ሐኪሙ ቀስ በል ብሎኛል» ማለት ይበቃል፤ በሽታዎን የመዘርዘር ግዴታ የለብዎም። የእርስዎን ሥራ ደርቦ የሠራውን ሰው ግን ለብቻው አግኝተው ያመስግኑት፣ የትኛውን ሥራ ከመቼ ጀምሮ እንደሚረከቡትም ይንገሩት። ከቅሬታው ብዙው የሚመጣው መጨረሻው ባለመታወቁ ነው።

ነገሩ ካልሆነ

ሥራ ላይ እያሉ ደረት ከወጋዎ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ፣ ትኩሳት ከተመለሰ፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም ፈሳሽ ካወጣ «ይህችን ልጨርስና» ሳይሉ ይውጡ፤ የዚያኑ ቀን የሐኪም ወረቀት ያስይዙ። ሕጉ የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ለአሠሪው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ስልክ ከደወሉ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክትም ይላኩ፤ ደውዬ ነበር ማለት ኋላ አይረጋገጥም።

ስድስቱ ወር እያለቀ ካልተሻለዎ ዝም ብለው አይቆዩ። ተጨማሪ ፈቃድ ወይም የሥራ ቦታ ዝውውር በጽሑፍ ይጠይቁ። በዘለቄታው ሥራውን መሥራት አለመቻል በሕጉ ከማስጠንቀቂያ ጋር ውል ለማቋረጥ ምክንያት ነው፤ የማስጠንቀቂያው ጊዜ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ እስከ ዘጠኝ ዓመት 2 ወር፣ ከዚያ በላይ 3 ወር ነው። የአካል ጉዳት የቀረበት ሰው ግን ወዲያው «አይችልም» ሊባል አይገባም፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችለት ግዴታ ይጥልበታል።

ወረቀትዎን ይዘው ሄደው በር ላይ ከተመለሱ፣ የመጡበትን ቀንና ሰዓት ጽፈው ያስቀምጡ፣ አብሮዎት ያለውን ሰው ስም ይያዙ፣ ማመልከቻዎን በመዝገብ ቤት ወይም በአደራ ደብዳቤ ያስገቡ፤ ከዚያ ወደ ከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ይሂዱ። ከሥራ ተሰናብተው ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሚቀርበው በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር። «ሽማግሌ ልከናል፣ እንጠብቅ» እየተባለ ሦስቱ ወር ያልፋል፤ ሽማግሌውም ይላክ፣ ክሱም በጊዜው ይከፈት።